«ካልነካኝ ለምን ቆምኩ?»

ልጆች፣

ባለፈው ሰሞን የዳኝነት ኮርስ ጨርሳችሁ ቤት የመጣችሁ ጊዜ፣ አንዷ «ጋሼ፣ ከባዱ ውሳኔ የቱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ኦፍሳይድ ወይም ፍጹም ቅጣት ምት እንድል ጠብቃችሁ ነበር መሰለኝ። እኔ «መንገድ መዝጋት ነው» ስል ሳቃችሁ። አቦሉ አልቆ ቶናው ሲመጣ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። እዳዬን አሁን ልክፈል።

ነገሩን የተማርኩት ከእግር ኳስ አይደለም፣ ከሶፍትቦል ነው። አዎ፣ እዚሁ ጅማ። ፒስ ኮሮች፣ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ማለት ነው፣ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት በ1955 ዓ.ም ነው። እኔ ሰባተኛ ክፍል ስደርስ አንዱ እንግሊዝኛ ያስተምረን ነበር። ከሰዓት በኋላ ሜዳ ያወጣናል። ቤዝ የሚባሉት ማረፊያዎች ገለባ የሞላንባቸው የቡና ጆንያዎች ነበሩ። ዱላውን አናጢ ጠረበልን። መቺው ኳሷን መትቶ ይሮጣል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቤዝ ረግጦ ወደ መነሻው ከተመለሰ ነጥብ ነው። መንገድ ላይ ኳስ የያዘ ተጋጣሚ ከነካው ወጣ።

እኔ መምታት ስለማልችል ዳኛ አደረጉኝ። (ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የጀመርነው፣ ምን ይደበቃል።)

አንድ ቀን ዝናብ እንዳባራ ስንጫወት አንድ ፈጣን ልጅ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ቤዝ ይከንፋል። ሦስተኛው ላይ ያለው ተከላካይ ኳስ በእጁ የለም፤ ግን መስመሩ ላይ ተገትሯል። ሯጩ ዞሮት አለፈ፣ ቤዙን ረገጠ፣ ወደ መነሻው ቀጠለ። አንድ እርምጃ ሲቀረው ኳሷ ቀደመችውና ተነካ። «ወጥቷል!» አልኩ። ልጁ እሪ አለ። «ኧረ ሦስተኛው ላይ ማንም አልነካህም!» ብዬ ጮህኩበት።

አስተማሪው አልተናገረም። ክንዴን ይዞ ሦስተኛው ቤዝ ጋ ወሰደኝና መሬቱን አሳየኝ። የጅማን ቀይ ጭቃ ታውቁታላችሁ። የልጁ ኮቴ ቀጥ ብሎ ይመጣል፣ ረጅም ረጅም እርምጃ። ቤዙ ጋ ሊደርስ ሲል እርምጃው ያጥራል፣ ወደ ውጭ ይታጠፋል። ሦስት ትንንሽ ኮቴ። ከዚያ እንደገና ይረዝማል። ተከላካዩ የቆመበት ቦታ ደግሞ መስመሩ ላይ ሁለት ጉድጓድ ሠርቷል። «ቁጠር» አለኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። ቆጠርኩ። መነሻው ላይ አንድ እርምጃ ነው ያነሰው፣ እዚህ ሦስት ጠፍቶበታል። ነጥቡ ተሰጠው።

የሶፍትቦል ሕግ እንዲህ ነው። ኳስ ያልያዘ፣ የተመታች ኳስም እያነሳ ያልሆነ ተከላካይ የሯጩን ጉዞ ካወከ ጥፋት ነው። መነካካት የግድ አይደለም። ሯጩ ፍጥነቱን ቢቀንስ ወይም ቢዞር ይበቃል። ባዶ እጁን ሆኖ ኳስ የያዘ መስሎ ሊነካው ቢያስመስልም ያው ነው። የተመታች ኳስ ሊያነሳ የሚሄደው ግን ቅድሚያ አለው፤ እዚያ መሸሽ ያለበት ሯጩ ነው።

እኔን የገዛኝ የሚቀጥለው ነው። ዳኛው ጨዋታውን አያቆምም። ግራ እጁን ወደ ጎን ይዘረጋና ማየቱን ይቀጥላል። ሁሉም ሲያበቃ አንድ ጥያቄ አለበት፦ ባይዘጋበት ኖሮ የት ይደርስ ነበር? እዚያ ያደርሰዋል። ቢበዛ ሦስተኛ ቤዝ ይደርስ የነበረ ሯጭ ተበድያለሁ ብሎ ከዚያ አልፎ ቢሄድና ቢያዝ፣ ወጣ። እዚያ የሄደው በራሱ ኃላፊነት ነው።

እንግዲህ አስቡት። ያልተሮጠ ሩጫ ነው የምትዳኙት። ጥያቄውን ለመመለስ ደግሞ ሯጩ ከመዘጋቱ በፊት እንዴት ይመጣ እንደነበር፣ ኳሷም ያን ጊዜ የት እንደነበረች ማየት አለባችሁ። ጩኸት ሰምቶ ዞር ያለ ዳኛ በእጁ ምንም የለም።

እኔ ይህን ሁሉ አውቄ ተሳስቻለሁ። ዓመታት አልፈው የእግር ኳስ ዳኛ ሆኜ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሜዳ የታዳጊዎች ጨዋታ እመራለሁ። አንድ የክንፍ ተጫዋች ኳሷን በተከላካዩ ጎን ወደፊት ሰዶ ሊከተላት ሲል ተከላካዩ ዞሮ መንገዱ ውስጥ ገባ። ልጁ ቆመ። ኳሷ ወጣች። «ቀጥሉ፣ አልነካውም!» አልኩ። ሲያልቅ ልጁ ጠብቆኝ፣ ሳይቆጣ፣ «ጋሼ፣ ካልነካኝ ለምን ቆምኩ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ኳሷን ነበር የማየው።

በእግር ኳስ ሕግ 12 ላይ ታገኙታላችሁ። ኳሷ ለሁለቱም መጫወቻ ርቀት ላይ ሳትሆን ተጋጣሚው መንገድ ውስጥ ገብቶ ማገድ፣ ማዘግየት ወይም አቅጣጫ ማስቀየር ጥፋት ነው። ሳይነካካ ከሆነ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት። ከተነካካ ቀጥተኛ፣ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት። ኳሷ እግሩ ስር ሆና በሰውነቱ የሚሸፍን አላጠፋም። ከሶፍትቦሉ የሚለየው አንድ ነገር አለ። በእግር ኳስ አስቀድሞ የቆመ ሰው ቦታው የራሱ ነው፤ ጥፋቱ መግባቱ ነው። ስለዚህ የተከላካዩንም እግር እዩ።

ክርክር ይመጣባችኋል። ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሳ ወዲህ በዚህ ከተማ ባጃጅ ሹፌሩም ቡና ነጋዴውም ዳኛ ሆኗል። አሰልጣኝ ሲጮህባችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «ኳሷ ሳትኖር መንገዱ ውስጥ ገባ።» ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ከጨመራችሁ ሦስተኛውን እሱ ይናገራል። በሶፍትቦል ሕግ አላግባብ ተተረጎመ ብሎ መቃወም ይቻላል፤ የዳኛውን ግምት መቃወም ግን አይቻልም። በእኛም ቢሆን ዳኛው በጨዋታ ላይ አየሁ ያለው የመጨረሻ ነው። እኔ ይሄ ነገር አኩርቶኝ አያውቅም፣ ያስፈራኛል እንጂ። ለዚያ የክንፍ ተጫዋች ስህተቴን ያረመለት ማንም የለም።

ከጅማ ተነሥቶ የት ይደረሳል የምትሉም አላችሁ። ሊዲያ ታፈሰ የዚህች ከተማ ልጅ ናት፤ በሙያዋ ፋርማሲስት ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ እንድትዳኝ ተመርጣለች። ሌላ ምን ልበል።

ልምምዱ ቀላል ነው፣ ግን ያሰለቻል። የሰፈር ጨዋታ ዳር ቁሙና አሥር ደቂቃ ሙሉ ኳስ የሌለውን ሯጭ ብቻ ተከተሉ። እርምጃው ባጠረ ቁጥር ምን እንዳሳጠረው ለራሳችሁ ተናገሩ። መጀመሪያ ዓይናችሁ ወደ ኳስ እየሸሸ ያስቸግራችኋል። የእኔን ዓይን ለማስለመድ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን እንሞክር። ሌሊቱን ከዘነበ በጣም ጥሩ፤ ጫማ ይቆሽሻል ብላችሁ እንዳትቀሩ። ሜዳው ከደረቀ ኮቴ አይታይምና ለሌላ ቀን እናሸጋግረው።