እናቴ ስትወድቅ ፓራሜዲክ ለምን አልመጣላትም?

ጥያቄ፦ የ68 ዓመት እናቴ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቡና እየቆላች ሳለ ራሷን ስታ ወደቀች። ወዲያው 911 ደወልኩ፤ ስልኩን ሳልዘጋ ዓይኗን ገልጣ መናገር ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ የእሳት አደጋ መኪና ደረሰ፤ የወረዱት ሦስት ሰዎች የደም ግፊቷንና ስኳሯን ለክተው በደንብ ከመረመሯት በኋላ የግል አምቡላንስ ጠርተው ወደ ሆስፒታል አስወሰዷት። አሁን ደህና ናት፣ ተመስገን። ነገር ግን ጎረቤታችን ባሏ ልቡ ቆሞ በወደቀ ጊዜ ፓራሜዲኮች (ከፍ ያለ ሥልጠና ያላቸው የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች) ጭምር እንደመጡላቸው ስትነግረኝ ነገሩ ከነከነኝ። እንግሊዝኛዬ የተሰባበረ ስለሆነ ይሆን ለእናቴ ዝቅ ያለ ባለሙያ የተላከላት?
አንባቢ፣ ከኪንግ ካውንቲ፣ ዋሽንግተን ግዛት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ እናትዎን እንኳን እግዚአብሔር አተረፈልዎ። ጭንቀትዎ ይገባናል፤ በሰው አገር የእናትን ነፍስ በስልክ ለማያውቁት ሰው አደራ መስጠት ከባድ ነው። ሆኖም ከጻፉልን እንደምንረዳው፣ ሰዎቹ የተላኩት እናትዎ በዚያ ሰዓት በነበሩበት ሁኔታ እንጂ በእርስዎ እንግሊዝኛ ተመዝኖ አይመስለንም።

ሲያትልን በሚያካትተው ኪንግ ካውንቲ የድንገተኛ ሕክምና በሁለት እርከን የተዋቀረ ነው። የመጀመሪያው እርከን ኢ.ኤም.ቲ (የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን) የሚባሉት ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከ120 እስከ 200 ሰዓት የሚደርስ ሥልጠና የወሰዱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። ጣቢያቸው በየሰፈሩ ስለሚገኝ ከማንም ቀድመው ይደርሳሉ፤ ደም ያቆማሉ፣ ኦክስጅን ይሰጣሉ፣ የተሰበረ አጥንት ያስራሉ፣ ልብ ሲቆም ደረት ይጫናሉ፣ በማሽንም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጣሉ። ሁለተኛው እርከን ፓራሜዲኮች ናቸው፤ እነዚህ በሲያትሉ ሃርበርቪው ሆስፒታል ከ2,000 ሰዓት በላይ የሰለጠኑ፣ በደም ሥር መድኃኒት የሚሰጡ፣ የልብን ምት በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚያነቡ፣ መተንፈስ ላቃተው ሰው በጉሮሮው ቱቦ የሚያስገቡ ሲሆኑ፣ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ። ሥርዓቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 የልብ ሐኪሙ ሊዮናርድ ኮብ እና የሲያትል እሳት አደጋ አዛዥ የነበሩት ጎርደን ቪከሪ ተባብረው ነው።

ታዲያ ለሁሉም ሰው ፓራሜዲክ ቢላክ ምን ነበረበት? ሲያትል ከ700,000 በላይ ሕዝብ ቢኖራትም የፓራሜዲክ መኪኖቿ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ይህም ታስቦበት የተደረገ ነው። ሙያ ካልሠሩበት ይደነዝዛል። ፓራሜዲኮች በየሰፈሩ ቢበተኑ እያንዳንዳቸው በጠና የታመመ ሰው የሚያገኙት አልፎ አልፎ ይሆናል፤ ቁጥራቸው ሲያንስ ግን ለከባድ ሕመምተኛ ሁሉ የሚጠሩት እነሱው ስለሚሆኑ እጃቸው ከሥራው አይለይም። በጭንቅ ሰዓት፣ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ ቱቦ የሚያስገባ ባለሙያ ሥራውን በዓመት አንዴ ብቻ የሚሠራ ቢሆን ማናችንም አንመርጥም። በካናዳዋ ኦንታሪዮ በ17 ከተሞች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ደግሞ፣ ፈጣን የኤሌክትሪክ ንዝረት ቀድሞ በተዘረጋበት ቦታ የፓራሜዲክ አገልግሎት መጨመሩ ብቻውን ልባቸው ከቆመ ሰዎች የሚተርፉትን እንዳላበዛ አሳይቷል። ስለዚህ ኢ.ኤም.ቲን ዝቅ ያለ አገልግሎት አድርጎ ማየት፣ በእኛ አመለካከት፣ ትልቅ ስህተት ነው፤ ልብ ሲቆም ከሁሉ በፊት የሚፈለገው እነሱ የያዙት ነው።

አሠራሩ እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። ፓራሜዲኮቹ በሌላ ጥሪ ከተያዙ የሚመጡት ከሩቅ ነው፤ በካውንቲው ዳርቻ ለሚኖርም ይዘገያሉ። በዚህ ምክንያት በየእሳት አደጋ መኪናው አንድ ፓራሜዲክ የሚመድቡ ሌሎች የአሜሪካ ከተሞች አሉ። የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ገና አልተስማሙም።

ማን እንደሚላክ መወሰን የሚጀመረው በስልክ ነው። ተቀባዩ አድራሻውን ካወቀ በኋላ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሰውየው ራሱን ያውቃል ወይ፣ በደንብ ይተነፍሳል ወይ? የሁለቱም መልስ አይደለም ከሆነ ሁለቱም እርከኖች በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። የጎረቤትዎ ባል ጉዳይ ይህ ነበር። እናትዎ ግን እየተናገሩ ስለነበር የመጀመሪያው እርከን ተላከላቸው፤ ሦስቱ ሰዎች የሚያሰጋ ነገር ቢያዩ ኖሮ ፓራሜዲኮችን ከዚያው ሆነው በሬዲዮ ይጠሩ ነበር።

የቋንቋ ነገር ግን እውነተኛ ችግር የሚሆንበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ አድራሻዎን በእንግሊዝኛ ይናገሩ፣ ቀጥለው «አምሃሪክ» ይበሉ፤ አስተርጓሚ በዚያው ስልክ ላይ ይገባልዎታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልቡ የቆመ ሰው ለጥቂት ደቂቃ እንደ ማንኮራፋት ያለ፣ እየተቆራረጠ የሚመጣ ማጣጣር ሊያሰማ እንደሚችል ይወቁ። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ «ትንፋሽ አለው» እንላለን፤ ተቀባዩም ሰውየው ይተነፍሳል ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ማጣጣር መተንፈስ አይደለም። ስለዚህ «በደንብ አይተነፍስም» ብለው ይናገሩና ስልኩን ድምፁን ከፍተው ወለሉ ላይ ያስቀምጡት፤ የአንዱን እጅ መዳፍ በደረቱ መሃል አሳርፈው ሌላውን እጅ በላዩ ይደርቡ፣ ከዚያም ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫኑ። የእሳት አደጋ ሰዎቹ በሩን አልፈው ገብተው አንዱ ከጎንዎ ተንበርክኮ «እኔ ልቀጥል» እስኪልዎት ድረስ እጅዎን አያንሱ።