አንድ ርክክብ ለምን ሁለት ደረሰኝ ያወጣል?

ከቡሬ የጻፉልን ጠያቂ ለበቆሎ መረከቢያ መጋዘን የሠሩት የስልክ አፕ በፋይናይት ስቴት ማሽን (አፑ ሊገኝባቸው የሚችሉ ሁኔታዎችን፣ ማለትም ስቴቶችን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ከሚያልፍባቸው ሽግግሮች ጋር በሚዘረዝር አሠራር) የተዋቀረ መሆኑን፣ ሠራተኛው ከ«እርዳታ» ገጽ ሲወጣ ወደ መጀመሪያው ገጽ እንደሚዘል፣ ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስም ለአንድ ርክክብ ሁለት ደረሰኝ እንደሚያወጣ ገልጸዋል። ከምልክቶቹ ስነሳ የምጠረጥረው ለየብቻቸው የሚለዋወጡ ነገሮችን በአንድ የስቴት ሰንጠረዥ ውስጥ እንዳጨቋቸው ነው።

ከሁሉ አስቀድመው ግን የርክክቡ መለያ ቁጥር ቅጹ ሲከፈት አንዴ እንዲፈጠር፣ ሰርቨሩም ያንኑ ቁጥር ዳግም ሲያገኝ አዲስ መዝገብ እንዳይከፍት ያድርጉ፤ የገበሬው ገንዘብ የሚጠበቀው በዚህ ነው።

ተራ ስቴት ማሽን በአንድ ጊዜ በአንድ ስቴት ብቻ ይገኛል። ገጾቹ 5 ቢሆኑ፣ ኔትወርኩ ያለ ወይም የሌለ፣ ፕሪንተሩም ዝግጁ፣ በማተም ላይ ወይም ወረቀት የጨረሰ ቢሆን፣ ሁሉንም በአንድ ሰንጠረዥ ለመያዝ 5 በ2 በ3 ተባዝቶ 30 ስቴት ያስፈልጋል። የዲጂታል ሚዛኑን መገናኘትና አለመገናኘት ሲጨምሩበት 60 ይሆናል፤ «ሰርዝ» የሚለው ቁልፍ ብቻውን ከእያንዳንዱ አንድ፣ በድምሩ 60 ሽግግር ይጠይቃል፣ ከእነዚህ አንዱ የተረሳ ዕለትም አፑ ይቆማል ወይም ይዘላል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዴቪድ ሃረል እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተመው ስቴትቻርት (ስቴቶችን ጎን ለጎንና አንዱን በሌላው ውስጥ የሚያስቀምጥ የሥዕል ዘዴ) ይህንኑ ችግር ይፈታል፦ ገጾቹ፣ ኔትወርኩ፣ ፕሪንተሩና ሚዛኑ ጎን ለጎን ሲቆሙ የሚጻፉት 5 እና 2 እና 3 እና 2፣ ማለትም 12 ስቴቶች ብቻ ናቸው፤ «ሰርዝ»ም ገጾቹን ሁሉ ካቀፈው የውጭ ስቴት በአንድ ሽግግር ይወጣል።

የእርዳታው ገጽ የሚዘለው ማሽኑ ከየት እንደመጣ ስለማያስታውስ ነው። ሲከፈት የነበሩበትን ገጽ ስታክ (መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት የመረጃ ቁልል) ላይ ያስቀምጡ፣ ሲዘጋ ከዚያው ያውጡት። የኪሎውን መጠን ደግሞ በተለዋዋጭ (ቫሪያብል) ይያዙት እንጂ ስቴት አያድርጉት።

እንደጻፉልን፣ ቀደም ሲል ኮዱን የነካው ሰው «ታትሟል»፣ «ተመዝግቧል» የመሳሰሉ 5 የእውነት/ሐሰት ምልክቶች በየቦታው መለጠፉ ያሳዝናል። እነዚህ 32 ዓይነት ጥምረት ይፈጥራሉ፤ «ታትሟል» እውነት ሆኖ «ተመዝግቧል» ሐሰት የሚሆንበት ጥምረት ነው ሁለተኛውን ደረሰኝ የሚወልደው። ሁሉንም ነቅለው ያውጧቸው። ወረቀት ማለቁን እንኳ የማያሳውቁ ርካሽ የብሉቱዝ ፕሪንተሮችም ነገሩን ያባብሳሉና፣ ደረሰኙ መውጣቱን ሠራተኛው ራሱ እንዲያረጋግጥ ያድርጉ፤ ዳግም ሲታተምም በዚያው ቁጥር «ቅጂ» ተብሎ ይውጣ።

ሲጨርሱ «መዝግብ»ን ተጭነው ወዲያው የስልኩን ኔትወርክ ያጥፉ፣ እርዳታውን ከፍተው ይዝጉ፣ ከዚያ ኔትወርኩን መልሰው መዝገቡን ይመልከቱ። የመለያ ቁጥሩ ተለውጦ ወይም ሁለት ሆኖ ከተገኘ አፑን ለመጋዘኑ አያስረክቡ።