ክሩ ሲበጠስ

ይድረስ ለልጆቼ፣ በጎጃም መንገድ መሪ ለጨበጣችሁና በየጋራዡ ቱታችሁ ዘይት ለጠገበ።

ግራ ክንዴ ላይ ከክርኔ እስከ አንጓዬ የወረደ ጠባሳ አለ። የሰፈር ልጆች «ጋሼ፣ የጦርነት ነው?» ይሉኛል። አንዳንዴ ዝም እላለሁ፤ ጀግና መባል ማን ይጠላል? እውነቱ ግን የራዲያተር ውኃ ነው። እንዴት እንዳገኘሁት ከመናገሬ በፊት ስለ አባቴና ስለ አንድ ጃፓናዊ የአናጺ ልጅ ላውጋችሁ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ጋቢና ቡሉኮ ሲሠራ ኖረ። ሰው ጋቢውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይስምበታል፤ ሠሪውን ግን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ይሰድበዋል። ልጅ ሆኜ አጠገቡ ስቀመጥ አንዲት የድር ክር ከተበጠሰች መወርወሪያውን ቁጭ ያደርግ ነበር። ያቺን ክር ፈልጎ፣ በምራቁ አርሶ፣ ሳይቋጥር አይቀጥልም። ገበያው ነገ ነው፣ መሽቷል፣ እሱ ግን ክር ይፈልጋል። «አንድ ክር ምን ያደርጋል?» አልኩት አንድ ቀን። «ባልፋትማ ጋቢው ሲያልቅ የምትታየው እሷ ብቻ ናት» አለኝ።

መካኒክ ሆኜ ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው የቶዮታን ታሪክ የሰማሁት። ለካ እነሱም የሸማኔ ቤት ልጆች ናቸው! ሳኪቺ ቶዮዳ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1867 ተወለደ (የእነሱን ዓመት በእነሱ፣ የእኔን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። አባቱ አናጺ ነው፤ እናቱ ስትሸምን እያየ አደገ። የእንጨት የሽመና መሣሪያ አሻሽሎ በ1891 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በ1924 የወጣው አውቶማቲክ ማሽኑ ዓለምን ያስደነቀበት ምክንያት ፍጥነቱ ብቻ አልነበረም፤ ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆማል። አባቴ በዓይኑ የሚሠራውን ማሽኑ በብረት ሠራው ማለት ነው። ማሽን ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛ በእያንዳንዱ ማሽን ሥር መገተር የለበትም፤ አንድ ሰው ብዙውን ይጠብቃል።

የዚያን ማሽን መብት በ1929 ፕላት ብራዘርስ ለተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ሸጡት። የሳኪቺ ልጅ ኪይቺሮ ዓይኑ ያረፈው መኪና ላይ ነበርና በ1933 እዚያው የሽመና ማሽን ፋብሪካ ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ። በ1937 ቶዮታ ሞተር ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። ከ«ቶዮዳ» ወደ «ቶዮታ» የዞሩት በጃፓን ፊደል በ8 ጭረት ስለሚጻፍ ነው፤ 8 ገድ ያለው ቁጥር ነው ይላሉ። ገድ እኛ ብቻ የምንጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

አሁን «ቶዮታ አይሞትም» የምትሉትን ሰዎች ላናግር። በ1935 ያወጡት የመጀመሪያው የጭነት መኪናቸው ጂ1 በየመንገዱ የሚገተር ነበር። ሰዎቻቸው መኪናው በቆመበት ድረስ እየሄዱ ይጠግኑ ነበር፤ የተሰበረውን ዕቃ ይዘው ተመልሰው ለምን እንደተሰበረ ይመረምራሉ። በ1950 ኩባንያው ሊከስር ጫፍ ደርሶ ሠራተኛ ቀነሰ፣ አድማ ተነሳ፣ ኪይቺሮም ሥልጣኑን ለቀቀ። ያዳናቸው በዚያው ዓመት የተነሳው የኮሪያ ጦርነት ነው፤ የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና አዘዘ። በ1957 ደግሞ ክራውን የምትባለውን የቤት መኪናቸውን አሜሪካ ወሰዷት። በአገሯ መንገድ የተመሰገነችው መኪና በዚያ ሰፊ አውራ ጎዳና ላይ ጉልበት አነሳት፣ ሞቀች፣ ተንቀጠቀጠች። ምን አደረጉ? የቤት መኪና መላኩን አቆሙ። አገራቸው ተቀምጠው ሠሩና በ1965 ኮሮናን ይዘው ተመለሱ። እኔ ከታሪካቸው ሁሉ የምወደው ይህን ነው። አፍረው መመለስን እንደ ሥራ ቆጠሩት።

ላንድ ክሩዘርን ግን በሌላ መንገድ ነው የሠሩት። በ1951 ቢጄ የሚባለውን የመጀመሪያውን ሞዴል ፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ ነዱት። ላንድ ክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው በ1954 ነው። የጮቄን ተራራ ዞራችሁ ወደ ቆላው የወረዳችሁ ልጆች፣ ያ መኪና በክረምት ጭቃ ውስጥ ለምን እንደሚታመን ታውቃላችሁ። ሻንሲው ወፍራም፣ ባሌስትራው ጠንካራ፣ ሞተሩ ሳይጣደፍ የሚጎትት ነው። ብሎኑን ደግሞ እጅ ይደርስበታል። ይህን የመጨረሻውን ካልጠገናችሁ አታውቁትም።

ወደ ክንዴ ልምጣ። 1973 ዓ.ም. ነው። መካኒክም ሾፌርም ነበርኩ፤ ያኔ ሁለቱን መሆን የተለመደ ነው። ከአዲስ አበባ ስንመለስ አባይ በረሃን ወርደን ድልድዩን ተሻገርንና ወደ ደጀን መውጣት ጀመርን። የዛሬው፣ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በፈረንጅ 2008 የተመረቀው ድልድይ ገና አልታሰበም። የሙቀቱ ቀስት ከመሃል ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ቀዩ ሄደ። አየሁት። ልቤም ቁም አለኝ። አጠገቤ ያሉት ኃላፊ ስብሰባ አለባቸው፤ «ደጀን ደርሰን እናየዋለን» አሉ። እኔም ወጣት ነኝ፣ «ላንድ ክሩዘር ምን ይሆናል?» አልኩ። ለእሳቸው ሳይሆን ለራሴ።

ከዳገቱ ግማሽ ላይ እንፋሎቱ ኮፈኑን አልፎ ወጣ። ዘልዬ ወረድኩና፣ መካኒክ ነኝ ባዩ፣ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩት። ክንዴ ያኔ ነው የነደደው። በዚያ ላይ ከበርሜል ቀዝቃዛ ውኃ ቀድቼ በጋለው ሞተር ላይ ቸለስኩበት። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ተሰነጠቀ። በሌላ መኪና ተጎትተን ደጀን ገባን፤ ስብሰባውም ቀረ።

የሆነውን ነገር ያኔ አላውቀውም ነበር፤ አሁን እናንተ እወቁት። ውኃ ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ደጀንና ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ እዚያ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከድልድዩ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ሞተሩ የበለጠ ይለፋል፣ ውኃው ደግሞ ቀድሞ መፍላት ይፈልጋል። ሁለቱ ተቃራኒ ነገሮች የሚገናኙት እዚያ ዳገት ላይ ነው። የሚያስታርቃቸው ያ የናቃችሁት የራዲያተር ክዳን ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ የተጻፈው የሚይዘው ግፊት ነው። በዚያ ግፊት የተነሳ ውኃው በደጋ አየር እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ ክዳን ወይም በላስቲክ የታሰረ ክዳን ካላችሁ ግፊት የለም፤ ውኃው በ92 ይፈላና ያልቃል። በሞቀ ሞተር ላይ ክዳኑን ስትከፍቱት ደግሞ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ 105 ዲግሪ ላይ ተጨቁኖ የነበረው ውኃ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊታችሁ ላይ ይወጣል። ጨርቅ አያድናችሁም።

ስለ ቴርሞስታትም አንድ ቃል። «መኪናው እንዳይሞቅ» ብላችሁ አውጥታችሁ የምትጥሉት ዕቃ የተሠራው ሞተሩ በትክክለኛው ሙቀት እንዲሠራ ነው። ሲወጣ ሞተሩ በደጋው ብርድ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ይፋቃሉ። ከተበላሸ ቀይሩት። የማውጣቱን ልማድ ያመጣነው እኛ ሽማግሌዎች ነን፤ ይቅር በሉን።

ወደ ሸማኔዎቹ ልመለስ። ታይቺ ኦኖ የሚባል ከሽመናው ኩባንያ የመጣ ሰው ነው የቶዮታን የአሠራር ዘዴ ያደራጀው። በፋብሪካቸው መስመር ላይ ገመድ ተዘርግቷል፤ ማንኛውም ሠራተኛ ስህተት ካየ ይጎትተዋል፣ ችግሩ ካልተፈታም መስመሩ ይቆማል። ከዚያ «ለምን?» እየተባለ አምስት ጊዜ ይጠየቃል። ይህን ስሰማ ፈረንጅ የሚወደው ዓይነት ወሬ መስሎኝ ነበር። በኋላ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ሃያስ ሚኒባስ በዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ጓርኒሲዮን (በሞተሩና በቴስታታው መካከል ያለውን ማሸጊያ) አቃጥሎ መጣልኝ። ባለቤቱ «ቶዮታ ድሮ ቀረ» እያለ ያማርራል። ሞከርኩት። ጓርኒሲዮኑ ለምን ተቃጠለ? ሞተሩ ሞቆ። ለምን ሞቀ? ውኃ ጎድሎ። ለምን ጎደለ? የታችኛው የራዲያተር የጎማ ቱቦ ያፈስሳል። ለምን አልተቀየረም? ረዳቱ በየማለዳው ዝም ብሎ ይሞላል እንጂ ለሾፌሩ አይነግርም። ለምን? አንዴ ሲነግረው «መኪናዬን አታሟርትብኝ!» ብሎ በጥፊ ስላጮለው።

ቱቦውን ቀየርኩና ሾፌሩን ለብቻው ጠርቼ ረዳቱን ይቅርታ እንዲጠይቀው ነገርኩት። ሳቀብኝ። ጓርኒሲዮኑን የቀየርኩበትን ግን ግማሽ ቀነስኩለት፤ እንዲጠይቀው ብዬ። ጠየቀው አሉ።

ሌላው የቢቸናው ልጅ ነው። ሃይሉክስ ፒካፕ ናፍታ ገዛ፤ የአባቱን በሬና የራሱን ዕቁብ አስገብቶበት። እነዚያ የድሮ ናፍታ ሞተሮች ላይ የታይሚንግ ቺንጊያው (የቫልቮቹን ጊዜ የሚያስጠብቀው ቀበቶ) በ100,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራ መብራት አለ። የእሱ መኪና ላይ አይበራም። ደብረ ወርቅ አካባቢ ቺንጊያው ተበጠሰ፤ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ተጋጭተው ተጣመሙ። ዳሽቦርዱን ስንፈታ አምፖሉ የለም። ከመሸጡ በፊት አንድ እጅ ነቅሎታል፤ ኪሎ ሜትሩንም መልሶታል። ልጁ አለቀሰ። እኔ ደግሞ አሰብኩ፤ ክር ሲበጠስ የሚቆም ማሽን የሠሩ ሰዎች መብራት አስቀመጡልን፣ እኛ አምፖሉን ነቀልነው። አሮጌ መኪና የምትገዙ ከሆነ ቁልፉን ሳትጨርሱ ግማሽ አዙሩና መብራቶቹ ሁሉ መብራት አለመብራታቸውን ቁጠሩ። ከሊብሬውና ከቦሎው በፊት።

ዲኤክስ ኮሮላን ሳላነሳ ብቀር የደብረ ማርቆስ መምህራን ያዝኑብኛል። ኮሮላ በ1966 ነው የተወለደችው፤ እኛ ዲኤክስ የምንላት ከ1979 ወዲህ ያለችውን ነው። 1.3 ሊትር ሞተር፣ አንድ ካርቡራቶር፣ ኮፈኑን ስትከፍቱ መሬቱ ይታያል። መካኒክ ሳይሆን ተማሪ ይጠግናታል። በ2012 ዓ.ም. በአሮጌ መኪና ላይ ኤክሳይዝ ታክስ ሲከብድ ባለ ዲኤክሶች ድንገት ባለ ሀብት ሆኑ። አንድ መምህር ወዳጄ ከገዛበት በብዙ እጥፍ ጠይቀውት «ልጄን ሽጥ ብትሉኝ ይሻላል» አላቸው። ልጁ ቆሞ ይሰማል።

ቶዮታን እንድታመልኩ አይደለም የምጽፈው። በ2009 እና በ2010 በነዳጅ መርገጫና በወለል ምንጣፍ ችግር በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለጥገና መልሰው ጠርተዋል፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት አኪዮ ቶዮዳ፣ የኪይቺሮ የልጅ ልጅ፣ አሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ዕድገታችን ከልክ በላይ ፈጥኖ ነበር ብሎም አመነ። ገመዱን የሰቀሉትም መጎተቱን ይረሳሉ።

በ2016 ዓ.ም. አገራችን የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባትን ከልክላለች። «ጋሼ፣ እንግዲህ የናፍታ መካኒክነት ሞተ፣ ኤሌክትሪክ እንማር» የምትሉኝ አላችሁ። ተማሩ፤ የብዙዎቹ ባትሪም በፈሳሽ ነው የሚቀዘቅዘውና ዕውቀታችሁ አይባክንም። ግን አዲስ ካልገባ ያለው ሃያስና ሃይሉክስ ይበልጥ ያረጃል። አሮጌው ደግሞ ይበልጥ ይናገራል፤ የሚሰማው መካኒክ ይፈልጋል።

ባለፈው ግንቦት እኔ ዘንድ ተለማምዶ የወጣ ልጅ በሃያስ ተሳፋሪ ጭኖ በአባይ በረሃ ዳገት ኩራር ላይ ቀስቱ ሲነሳበት ዳር ያዘ። ኮፈኑን ከፍቶ፣ ክዳኑን ሳይነካ፣ አርባ ደቂቃ ጠበቀ። ከኋላ የነበሩት መኪኖች እያለፉት፣ ተሳፋሪው እየጮኸ። ሲቀዘቅዝ አየው፤ የቬንቲላተሩ (የማራገቢያው) ቺንጊያ ላልቶ ኖሯል። አጠበቀውና ወጣ። ደጀን ሲደርስ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሰደበኝ» አለ።

«ክንድህስ?» አልኩት።

«ደህና ነው» አለኝ።