የራስ ቅማል ነገር፦ ጠይቁኝ አልኩ፣ ጠየቃችሁኝ

ነርስ ነኝ፤ የሁለት ሴት ልጆች እናትም ነኝ። ጥያቄያችሁን በደረሰኝ ቅደም ተከተል ልመልስ።

«ልጄ ራሷን ታካለች። ፎረፎር ይሁን ቅማል አልለየሁም።»

መስኮት ሥር ብርሃን ላይ አስቀምጫት። ከጆሮዋ ጀርባና ማጅራቷ ላይ ፀጉሯን ከፈል ከፈል እያደረግሽ እዪ። ነጭ ነገር ካየሽ በጣትሽ ጠረግ አድርጊው። ፎረፎር ከሆነ ይራገፋል። ቅጫም ከሆነ ግን ፀጉሩ ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ በጥፍር ካልተጎተተ አይወጣም። ቅማሉ ራሱ ሰሊጥ ቢያህል ነው፣ ብርሃንም ይሸሻል። ስለዚህ ፀጉሯን አርጥበሽ ኮንዲሽነር ቀቢ። ጥርሱ ጥቅጥቅ ባለ ማበጠሪያ ከሥር እስከ ጫፍ አበጥሪያት። ማበጠሪያውን በሳብሽ ቁጥር ነጭ ሶፍት ላይ ጥረጊው። ሶፍቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየሽ፣ በቃ፣ ቅማል ነው።

«ከትናንት ወዲያ ጎረቤት አደረች፤ ዛሬ ማሳከክ ጀመራት። ከዚያ ነው?»

ጎረቤትሽን አትውቀሺ። የሚያሳክከው የቅማሉ ምራቅ ነው፣ ሰውነት እስኪቆጣበት ጊዜ ይወስዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ሰው ማሳከኩ እስኪሰማው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

«ቅማል ይዘላል?»

አይዘልም፣ አይበርም። በእግሩ ነው የሚሄደው። ልጆች አንድ ትራስ ላይ ሲተኙ፣ ወይ አንድ ስልክ ላይ ራሳቸውን ገጥመው ሲያዩ ይሻገራል። ሻሽና የሹሩባ ሠሪ ማበጠሪያም አልፎ አልፎ ያስተላልፋሉ። ንጹሕ ፀጉር አይመርጥም፣ ቆሻሻም አይመርጥም። ከራስ ላይ ከወረደ ግን በ1 ወይም በ2 ቀን ይሞታል። ሶፋውን እያጠብሽ ወገብሽን አትቁረጪ።

«እናቴ ላምባ ትቀባን ነበር። እኔስ ለልጆቼ ብቀባ?»

ወንድሜ፣ አደራህን! ቆዳ ያቃጥላል፤ እሳት አጠገብ ደግሞ አስበው። ፋርማሲ ሄደህ ፐርሜትሪን ያለበት የቅማል መድኃኒት ጠይቅ፣ የልጆቹንም ዕድሜ ንገራቸው። ብዙውን ጊዜ ከ9 ቀን በኋላ ይደገማል። ቅጫሙ እስከዚያ ይፈለፈላልና።

«ቅማል ግርሻ፣ ማለት እየተመላለሰ የሚነሳውን ትኩሳት፣ ያመጣል የሚባለውስ?»

እሱ የልብስ ቅማል ነው። ልብስ ስፌት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ግርሻና ተስቦ የሚያስተላልፈውም እሱ ነው።

«ለጓደኛዋ እናት ልንገራት? አፈርኩ።»

ደውዪላት። እኔም አፍሬ ዝም ብዬ ነበር። ልጄን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ስቀምል ውዬ፣ በሳምንቱ ከዚያችው ጓደኛዋ ይዛው መጣች።