ዋንዛው ከተሸጠ በኋላ የገረጣው ኮረሪማ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቦንጋ አካባቢ ነው። የጓሮዬ ኮረሪማ ካቻምና ጥሩ ፍሬ ሰጥቶኝ ነበር፤ አሁን ግን ቅጠሉ ገርጥቶ ጫፉ ይደርቃል፣ ፍሬም የለውም። አምና ዋንዛውን ለጣውላ ከሸጥኩ ወዲህ አረም ስለበዛ እየኮተኮትኩ በንጽሕና ይዤዋለሁ። ዩሪያ ልጨምርበት?

መልስ፦ ዩሪያውን ለበቆሎዎ ያቆዩት። ስለ ሥር መበስበስም ሆነ በቅጠሉ ላይ ስለሚታይ ነጠብጣብ ያነሱት ነገር የለም፤ ችግሩም የተከተለው የዋንዛውን መቆረጥ ስለሆነ፣ ተክልዎን የጎዳው የቀትር ፀሐይ ይመስለኛል። ኮረሪማ በትልልቅ ዛፎች ሥር የኖረ የደን ተክል በመሆኑ ቦታው ሲገለጥ ቅጠሉ ይገረጣል፣ አፈሩም ቶሎ ይደርቅበታል።

ዋንዛን የሚተካ ዛፍ እስኪያድግ ድረስ ዳስ ይሥሩለት። ከተክሉ ቁመት ክንድ ያህል ከፍ የሚሉ ባላዎችን ተክለው አግዳሚ እንጨት ያጋድሙ፤ ከላይም የእንሰት ቅጠል ሳሳ አድርገው ያልብሱት። የሚፈለገው ድፍን ጨለማ አይደለም፤ በቀትር መሬቱ ላይ የተበታተነ የብርሃን ነጠብጣብ ከታየ ልኩ ነው፣ ጨርሶ ካልታየ ግን ከቅጠሉ ጥቂት ያንሡ። ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ስለሚበረታ የምዕራቡን ጎን ወደ ታች ዘርጋ አድርገው ይሸፍኑት፤ የደረቀውን ቅጠልም በየጊዜው ይለውጡ። በልግ ሲገባ በዙሪያው የሙዝ ችግኝና ሁለት ሦስት ብርብራ ይትከሉ፤ ሙዙ ቀድሞ ይደርስና ዳሱን ያሳርፍዎታል።

ስለ ኩትኳቶው ግን ልቆጣዎት ነው፤ በብዙ ጓሮዎች የማየው ልማድ ነውና። የኮረሪማ አበባ የሚወጣው ከአናቱ ሳይሆን ከግንዱ ሥር፣ አፈሩን ታክኮ ስለሆነ፣ መኮትኮቻው አረሙን ሲያነሣ የመጪውን ዓመት ፍሬም አብሮ ይቆርጣል። አረሙን በእጅ ይንቀሉ፤ የረገፈውን ቅጠል ጠርገው ከማቃጠል ይልቅ አራት ጣት ያህል ውፍረት እንዲኖረው አድርገው በዙሪያው ይጎዝጉዙት። የግንዱን ሥር ግን አይድፈኑት፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልም አይቀላቅሉበት። ጥጃ የሚገባበት ከሆነ አጥር ያስፈልገዋል።

የደረቁት ቅጠሎች ተመልሰው ስለማይለመልሙ የሚከታተሉት ከሥር የሚወጣውን አዲስ ቀንበጥ ይሁን። ጥላ ካገኘ በኋላም ገርጥቶ ከወጣ፣ አንዱን ከነሥሩ ነቅለው ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ያሳዩ።