የኔ ዮሐንስ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የክርስትና ስሜ ወለተ ዮሐንስ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ወር በገባ በ30 የምዘክረው በመጥምቁ ዮሐንስ ስም ነው። ልጅ አጥቼ በነበረበት ጊዜም በእሱ ስም ተስዬ ወልጃለሁ። ሰሞኑን እናቴ ክርስትና የተነሳሁት ጥር 4 ቀን መሆኑን ነገረችኝ። የጽዋ ማኅበራችን አንዲት እኅት ይህን ስትሰማ «ጥር 4 እኮ የወንጌላዊው ዮሐንስ በዓል ነው፤ ያንቺ ዮሐንስማ ወንጌላዊው ነው፤ እስከ ዛሬ የተሳልሽው ሁሉ ለሌላ ሄዷል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ስለቴ ባክኗል ማለት ነው? ለመሆኑ ወንጌሉን የጻፈው ራሱ መጥምቁ አይደለም እንዴ? ሌላም ልጨምር። ልጃችንን ሐናንያ ልንለው አስበን ነበር። ጎረቤቶቻችን ግን «እሱ እኮ ዋሽቶ የተቀሠፈው ነው» እያሉ አስፈሩን። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለትሽ አልባከነም። ዛሬ ማታ በደንብ ተኚ። ልጅሽን ታቅፈሽ «ተሰምቼ ይሆን?» ብለሽ መጨነቅ የለብሽም። ነገሩን ግን በዚህ ብቻ አልዘጋውም። የጠየቅሽው ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚዞረውን፣ አፍሮ የማይጠይቀውን ነው።

መጀመሪያ የወንጌሉን ነገር እናጥራ። መጥምቁ ዮሐንስና ወንጌላዊው ዮሐንስ ሁለት ሰዎች ናቸው። መጥምቁ የካህኑ የዘካርያስና የኤልሳቤጥ ልጅ ነው። ወንጌላዊው የዓሣ አጥማጁ የዘብዴዎስ ልጅ፣ የያዕቆብ ወንድም ነው። መጥምቁን ሄሮድስ አንገቱን ያስቆረጠው ጌታ ገና እያስተማረ ሳለ ነው፤ ማቴዎስ በምዕራፍ 14 ጽፎታል። አራተኛው ወንጌል ግን ስቅለቱንም ትንሣኤውንም በዓይን ያየ ሰው የጻፈው ነው። ስለዚህ መጥምቁ ሊሆን አይችልም።

ይህን ስሕተት በየሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ በየጉባኤው አገኘዋለሁ። የሚሳሳቱትም ሰነፎች አይደሉም። ወንጌሉን ገልጠው ያነበቡ ናቸው። ገና በስድስተኛው ቁጥር ላይ «ከእግዚአብሔር የተላከ ስሙ ዮሐንስ የሚባል ሰው ነበረ» ይላል። መጽሐፉ የዮሐንስ ወንጌል ይባላል፤ ውስጡም ስለ ዮሐንስ ይናገራል። ሰው አንድ ናቸው ብሎ ቢያስብ ምን ይገርማል?

የሚገርመው ሌላ ነገር ነው። ወንጌላዊው ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው የራሱን ስም አንድ ጊዜም አይጽፍም። በእራት ጊዜ በጌታ ደረት ላይ የተጠጋው እሱ ነው፤ ስሙን ግን አይናገርም። ከመስቀሉ ሥር ቆሞ እመቤታችንን በአደራ የተቀበለው እሱ ነው፤ አሁንም ስሙን አይናገርም። ከጴጥሮስ ቀድሞ ሮጦ መቃብሩ ጋ ሲደርስም «ሌላው ደቀ መዝሙር» ይላል እንጂ «እኔ ዮሐንስ» አይልም። በዚያ ወንጌል ውስጥ ዮሐንስ ሲባል መጥምቁ ነው። ደቀ መዝሙሩ ስሙን ሙሉ ለሙሉ ለመምህሩ ለቀቀለት።

መምህሩ ስል ያለ ምክንያት አይደለም። ያንኑ ምዕራፍ 1 ወደ ታች ውረጂ። መጥምቁ ከሁለት ደቀ መዛሙርቱ ጋር ቆሞ ነበር። ጌታ ሲያልፍ አየና «እነሆ የእግዚአብሔር በግ» አለ። ሁለቱም ትተውት ጌታን ተከተሉ። አንዱ እንድርያስ ነው። የሁለተኛው ስም አልተጻፈም። አባቶቻችን ግን ራሱ ወንጌላዊው ነው ብለው ያስተምራሉ። ሰዓቷን እንኳ አልረሳትም፤ «አሥር ሰዓት ያህል ነበረ» ብሎ ጽፏል። ያቺን ሰዓት እንደዚህ የሚያስታውሳት እዚያ የነበረ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ቆም በዪ። ሁለቱ ዮሐንሶች በዚያች ሰዓት ጎን ለጎን ነበሩ። ትልቁ ጣቱን ወደ ጌታ ቀሰረ። ትንሹ ትልቁን ትቶ ሄደ። መጥምቁ ቅር አለው? ሌሎቹ ደቀ መዛሙርቱ ቀንተው «ሰው ሁሉ ወደ እሱ እየሄደ ነው» ብለው ሲከሱ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ፤ «እርሱ ሊልቅ እኔ ግን ላንስ ያስፈልጋል።» ይህን ያለ ቅዱስ ነው ያንቺን ስለት ከወንጌላዊው ጋር የሚሻማው? ወንጌላዊውስ ስሙን በገዛ መጽሐፉ ላይ እንኳ ለመምህሩ የተወ፣ «ጥር 4 ተጠምቃ ለምን እኔን አልጠራችም» ብሎ የሚቀየመው? እኅታችን ያለችሽ ነገር ቅዱሳንን በራሳችን ጠባይ መለካት ነው። እኛ እንቀናናለን። እነሱ አይቀኑም።

በስም መመሳሰል የተነሳ የሚመጣው ስሕተት ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሁለት ሰዎችን አንድ ማድረግ ነው፤ እሱን አየን። ሌላው አንዱን ሰው ብዙ ማድረግ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

ወልደ ነጎድጓድ፣ ፍቁረ እግዚእ፣ አቡቀለምሲስ፣ ቁጽረ ገጽ ሲባል አራት ቅዱሳን የሚመስሏቸው ምእመናን አሉ። ሁሉም የዘብዴዎስ ልጅ ዮሐንስ ነው። ይህስ በትምህርት ይቃናል። የከበደው በእመቤታችን ስም የምንሠራው ነው። «የግሸኗ ማርያም ሰምታኛለች፤ የጻድቃኔዋ ግን ዝም አለችኝ» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። «የኛ ሰፈር ሚካኤል ከናንተ ሰፈሩ ይበልጣል» ብለው የሚከራከሩም አሉ። እኅቴ፣ ጌታን የወለደችው አንዲት ናት። ቅዱስ ሚካኤልም አንድ ነው። ደብሩ ይለያያል፤ ጠበሉ፣ ታሪኩ፣ የንግሡ ድምቀት ይለያያል። ወደ ግሸን ደክሞ መውጣት ትልቅ በረከት ነው፤ ሂዱ እላለሁ። እዚያ የምታገኟት ግን ሰፈራችሁ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ትታችኋት የወጣችሁትን ያችኑ እናት ነው። ይህን እያወቀ ደብርን ከደብር የሚያበላልጥ ሰው ንስሓ ይግባ። በዚህ ላይ ለስላሳ ቃል የለኝም።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ስም ሲመሳሰል እንዴት እንደሚጠነቀቅ ተመልከቺ። ዮሐንስ 14፥22 ላይ አንድ ደቀ መዝሙር ጌታን ይጠይቃል። ስሙ ይሁዳ ነው። ወንጌላዊው ወዲያው «የአስቆሮቱ ያይደለ» ብሎ ይጨምራል። አንድ ታማኝ ሰው በከሐዲው ስም እንዳይታማ ተጠነቀቀለት። በመስቀሉ ሥር የቆሙትን ሴቶች ሲቆጥርም እመቤታችን፣ የቀለዮጳ ሚስት ማርያም፣ መግደላዊት ማርያም ብሎ እየለየ ነው። ወንጌላዊው ማርቆስም ሌላ ስሙ ዮሐንስ እንደነበር የሐዋርያት ሥራ 12 ይነግረናል። በዚያ ዘመን በዚያች አገር ያው ስም በየቤቱ ነበር።

ቤተ ክርስቲያንም ይህን መንገድ ያዘች። ከ14ቱ ቅዳሴያት ሁለቱ በዮሐንስ ስም ናቸው፤ አንዱ የወልደ ነጎድጓድ፣ ሌላው የአፈወርቅ። አፈወርቅ የአንጾኪያ ሰው ነው። በ398 እ.ኤ.አ. የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። የቤተ መንግሥቱን ቅንጦት በግልጽ ገሠጸ። ንግሥት አውዶክሲያ ጠላችው፤ ተሰደደ፤ በ407 በስደት መንገድ ላይ አረፈ። መጥምቁ ሄሮድስን «የወንድምህ ሚስት ለአንተ ልትሆን አልተፈቀደም» ብሎ አንገቱን ሰጠ። አፈወርቅ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ በሌላ ከተማ በሌላ ቤተ መንግሥት ፊት ያንኑ አደረገ። አየሽ፣ ስም መጋራት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ጋ ነው።

ዮሐንስ ሐፂርም አለ፤ ጥቅምት 20 የምናስበው የግብፁ መነኩሴ። እሱ ንጉሥ ፊት አልቆመም። መምህሩ ደረቅ እንጨት ምድር ላይ ተከለና «ፍሬ እስኪያፈራ ድረስ በየቀኑ ውኃ አጠጣው» አለው። ውኃው ሩቅ ነበር። ማታ ወጥቶ የሚመለሰው ጠዋት ነው። «ደረቅ እንጨት ያፈራል እንዴ?» አላለም። በሦስተኛው ዓመት እንጨቱ ለምልሞ አፈራ። ሽማግሌው ፍሬውን ለቅሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደና «የመታዘዝን ፍሬ ብሉ» አላቸው። ስሙ ከመጥምቁ ጋር አንድ ነው፤ ተጋድሎው ግን ጨርሶ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ስለቱ። ጸሎት አድራሻ ተሳስቶ የሚመለስ ፖስታ አይደለም። በቅዱሱ ስም ተሳልሽ፤ ቅዱሱ ለመነ፤ የሰጠው እግዚአብሔር ነው። ጌታ በማቴዎስ 10 መጨረሻ ላይ ነቢይን በነቢይ ስም ስለሚቀበል ሰው ተናግሯል። በደቀ መዝሙር ስም አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያጠጣ እንኳ ዋጋው አይጠፋበትም ብሏል። ዋጋውን የሚከፍለው ራሱ ነው። መጥምቁ ደግሞ ነቢይ ነው፤ ከነቢይም የሚበልጥ ነው። በየወሩ በ30 ያበላሽው ድኻ ጠግቦ ሄዷል። ይህ የት ይጠፋል?

ስለዚህ በመጥምቁ ስም የተሳልሽውን በመጥምቁ ደብር አግቢ። «ለወንጌላዊው ላዙረው» እንዳትዪ። መክብብ 5 ስለት የተሳለ ሰው ሳይዘገይ ይክፈል ይላል። ቀይረህ ክፈል አይልም።

የክርስትና ስምሽን በተመለከተ ጥር 4 መጠመቅሽ ጥሩ ምልክት ነው። ብዙ ካህናት ስም የሚያወጡት የዕለቱን በዓል ይዘው ነው። ሁሌ ግን እንደዚያ አይደለም። በደብሩ ታቦት የሚሰይም አለ። ወላጅ ለምኖ የሚያሰይምም አለ። የክርስትና እናትሽ በሕይወት ካሉ ጠይቂያቸው፤ ከንስሓ አባትሽም ጋር ተነጋገሪ። ወንጌላዊው ነው ካሉሽ በወር 4ን ጨምሪ እንጂ 30ን አትሠርዢ። ዝክሩን ከመጀመርሽ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። ወንጌሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቢ። ከዚያ የመጀመሪያ መልእክቱን አንብቢ። በስሙ ተጠርተሽ ቃሉን ሳታውቂ እንዳትኖሪ። ያስጨነቀችሽንም እኅት አትጣያት። በፍቅር ሆናችሁ ይህን ዮሐንስ ምዕራፍ 1ን አብራችሁ ብታነቡት መልካም ነው። በሚቀጥለው ጽዋ ላይ ሌላ ሰው እንዳታስፈራ ግን እኔ እንደነገርኩሽ ንገሪያት።

የልጅሽ ስም ቀረ። ጎረቤቶችሽ ያሉት ሐናንያ የሐዋርያት ሥራ 5 ላይ ያለው ነው። መሬቱን ሸጦ ከዋጋው አስቀረ፤ ዋሸ፤ ወድቆ ሞተ። እውነት ነው። ግን መጽሐፉን እዚያ ላይ ለምን ዘጉት? አራት ምዕራፍ ብቻ ቢያልፉ ሌላ ሐናንያ ያገኙ ነበር። በደማስቆ የሚኖር ደቀ መዝሙር ነው። ጌታ በራእይ ተናገረውና ቅን ወደሚባለው መንገድ ላከው። ሄዶ የሚገባው ይሁዳ በሚባል ሰው ቤት ነው። እዚያ የሚጠብቀው ደግሞ ክርስቲያኖችን ሊያስር የመጣው ሳውል ነው። ፈርቶ ነበር፤ ፍርሃቱንም ለጌታ ነገረው። ሄደ ግን። እጁን ጭኖ «ወንድሜ ሳውል ሆይ» አለው። የሳውል ዓይን ተገለጠ፤ ተጠመቀ። ሐዋርያው ጳውሎስን የተቀበለው ሐናንያ ነው። ቆይቶ ምዕራፍ 23 ላይ ጳውሎስን በአፉ ላይ እንዲመቱት ያዘዘው ሊቀ ካህናትም ስሙ ሐናንያ ነው። አንድ መጽሐፍ፣ ሦስት ሐናንያ። ከእቶን እሳት የወጣውን አናንያን ከትንቢተ ዳንኤል ብትጨምሪማ አራት ይሆናሉ። ስሙ አንዱንም አላጸደቀም፤ አንዱንም አልኮነነም። በኛም አገር ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ካሣ ምርጫ ደግሞ በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ዮሐንስ ተብሎ ነገሠ። የልጅነት ስማቸው አንድ ነበር፤ ታሪካቸው ግን ለየብቻ ነው።

ጎረቤት በልጅ ስም ጣልቃ ሲገባ ያንቺ የመጀመሪያው አይደለም። ኤልሳቤጥ ልጇን ዮሐንስ ስትል ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ «ከወገንሽ በዚህ ስም የሚጠራ የለም» አላት። በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ፈልገው ነበር። እሷ አልተበገረችም። አባትየው አፉ ተይዞ ስለነበር ሰሌዳ ለምኖ «ስሙ ዮሐንስ ነው» ብሎ ጻፈ። ወዲያው አፉ ተከፈተ። ባለቤትሽና አንቺም ከተስማማችሁ ልጁን ሐናንያ በሉት። ለክርስትናው ካህኑ የሚሰጠውን ስም ተቀበሉ። ጎረቤቶቻችሁንም ለክርስትናው ጥሯቸው፤ ያን ዕለት ባለቤትሽ የሐዋርያት ሥራ 9ን ከቁጥር 10 እስከ 19 ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው።