ለጉልበትዎ ካሽ ሳይሆን ፌቲዬ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ፍራንክፈርት የምትኖረው ልጃችን «ቱርክ ባሕር ዳር ወስጄ አንድ ሳምንት አሳርፋችኋለሁ» እያለች ነው። የመረጠችልን ከተማ ካሽ ትባላለች። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ ዋና አልችልም፤ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የዋና ልብስ ለብሼ በሰው ፊት መታየትም አልፈልግም። ሄጄ ምን እሠራለሁ?
ወ/ሮ ት.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ምንም አይሠሩም፤ የሚሄዱትም ለዚያው ነው።

ካሽ ውብ ናት፤ ለእርስዎ ግን አትሆንም። ተራራው ባሕሩን በሚነካበት ቦታ ስለተሠራች ዳቦ ለመግዛት ቢወጡ እንኳ ዳገት ይጠብቅዎታል። ባሕሯ ድንጋያማ ነው። ብዙው ሰው ከድንጋዩ ላይ በብረት መሰላል ይወርድና ወዲያው ጥልቅ ውኃ ውስጥ ይገባል። ጠላቂዎች ይውደዷት! እርስዎ ልጅዎን «ፌቲዬ ይሁንልን» ይበሏት። ከካሽ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከዳላማን አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም።

የፌቲዬ የወደብ ዳር መንገድ ሜዳ ነው፤ መቀመጫም ሞልቶታል። አሮጌው ከተማ በ1957 (እ.ኤ.አ.) የመሬት መንቀጥቀጥ ስለፈረሰ ቤቶቹ አዲስ ናቸው። ከበላይ ባለው ገደል ላይ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የተፈለፈለው የአሚንታስ መቃብር እንደ ቤተ መቅደስ ዓምዶቹን ገትሮ ይታያል። ደረጃው ብዙ ነው፤ ባለቤትዎ ይውጡት፣ እርስዎ ከታች ሻይዎን እየጠጡ ይዩት።

ማክሰኞ ትልቁ ገበያ ይውላል፤ በለስና ወይራ ይግዙ። ዓሣ ያማረዎት ዕለት መሀል ከተማ ወዳለው የዓሣ ገበያ ይሂዱ። መሀሉ ላይ ዓሣው በበረዶ ተደርድሮ ይሸጣል፤ ዙሪያውን ምግብ ቤቶች ናቸው። የመረጡትን አስመዝነው ከገዙ በኋላ አንዱ ምግብ ቤት ዘንድ ይወስዱታል፤ እነርሱ የማብሰያ ዋጋ ተቀብለው ከሰላጣና ከዳቦ ጋር ያቀርቡልዎታል። ያንን ዋጋ ሳይጠይቁ እንዳይቀመጡ።

ስለ ጾሙ አይስጉ። ቱርኮች በወይራ ዘይት ሠርተው ቀዝቀዝ አድርገው የሚያቀርቧቸው ምግቦች አሏቸው፤ ዘይቲንያሊ ይሏቸዋል። በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ ፎሶሊያ፣ በሽንኩርትና በቲማቲም የተሞላ ደበርጃን፤ ይህ ሁሉ ሥጋም ቅቤም የለበትም። ከላይ እርጎ እንዳያፈሱበት ግን አስቀድመው ይንገሯቸው። ለብቻው የሚቀርበው ሩዝ ብዙ ጊዜ ቅቤ ስላለበት እሱን ይለፉት።

ውኃው? ወደ ኦሉዴኒዝ የባሕር ዳርቻ የሚሄደውን ዶልሙሽ ይሳፈሩ፤ ሚኒባስ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከዋናው ዳርቻ ይልቅ መግቢያ የሚከፈልበትን፣ ከባሕሩ ተከልሎ ሐይቅ የመሰለውን ውኃ ይምረጡ፤ ማዕበል አያውቀውም፣ ዳር ዳሩም ጥልቀት የለውም። ጠጠር ስላለው የላስቲክ ጫማ ይያዙ። እስከ ጉልበትዎ ገብተው መቆም ይበቃል። ቀና ሲሉ ወደ 2,000 ሜትር ከሚጠጋው የባባዳግ ተራራ በጃንጥላ የሚበርሩ ሰዎችን ያያሉ። ባለቤትዎ «እኔም ልሞክር» ቢሉ ጡረታ ገና እንዳልለመዱ ቆጥረው ይለፏቸው።

ስለ ልብሱም ሐሳብ አይግባዎት። እጅጌውም እግሩም ረጅም የሆነ፣ ከነራስ መሸፈኛው ለዋና የተሠራ ልብስ የለበሱ የቱርክ እናቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሲንቦጫረቁ ያገኟቸዋል። አጠገባቸው በጡት መያዣ የተኛችውን ወጣት ማንም ዞር ብሎ አያያትም፤ እርስዎንም እንዲሁ።

በሐምሌና በነሐሴ እንዳይሄዱ፤ ሙቀቱም ሕዝቡም አይቻልም። ከመስቀል ማግስት ጀምሮ አየሩ ይለሰልሳል፤ ውኃው ግን የሐምሌንና የነሐሴን ሙቀት እንደያዘ ነው። ቪዛውን ከወዲሁ ይጀምሩ፤ ልጅዎም ማረፊያ ስትይዝ አሳንሰር መኖሩን ትጠይቅ። ትንንሾቹ ሆቴሎች ብዙውን ጊዜ የላቸውም።